ራውተሬ ወደ ቀኝ ይሸሻል፤ ድራይቨሩ ነው ወይስ እኔ ነኝ?

የሂርማታው አናጢ · ሰኞ ማታ 2፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ሂርማታ ውስጥ የቤት ዕቃ እሠራለሁ። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ ሲታዘዝም ባለሦስት እግር በርጩማ። ዓምና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሆነን ሲኤንሲ ራውተር፣ ማለትም በኮምፒውተር እየታዘዘ እንጨት የሚቀርጽ ማሽን፣ ገጣጠምን። ብረቱን እዚሁ አስበየድን፣ ሞተሩንና እሱን የሚነዳውን ሰሌዳ፣ ድራይቨሩን፣ ከአዲስ አበባ አስመጣን።

ሞተሮቹ በእርምጃ የሚዞሩ ስቴፐሮች ናቸው፣ መጠናቸው ኔማ 23፣ ላያቸው ላይ 3 አምፔር ይላል። ድራይቨሮቹ ዲኤም542። ፓወር ሰፕላዩ 36 ቮልት። ማሽኑን የሚገፋው ጠመዝማዛ ዘንግ፣ ቦል ስክሩ፣ በአንድ ዙር 5 ሚሊ ይሄዳል። ማይክሮ ስቴፕ (የእርምጃው መከፋፈያ) 8 ላይ ነው፣ ስለዚህ በዙር 1600 ፑልስ (የእርምጃ ትእዛዝ)፣ በሚሊ 320። ኮምፒውተሩ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው፣ ማሽኑን የሚያዘው ማክ3 የሚባለው ፕሮግራም ነው፣ በፓራለል ፖርት።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ቀጥታ ሲቆርጥ ልክ ነው። 500 ሚሊ ሂድ ስለው 500 ይሄዳል፣ በሜትር ለክቼዋለሁ። የአልጋ ራስጌ ላይ አበባ ሳስቀርጸው ግን ጉድ ይፈላል። ቅርጹ 30 በ30 ሳንቲም ነው። ቢቱ (መቁረጫው) በኤክስ፣ ማለትም ግራና ቀኝ፣ ሄዶ ይመለሳል፣ በየመስመሩ 0.3 ሚሊ ይሻገራል። ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ሲጨርስ ወደ ዜሮ ተመለስ ስለው 3 ሚሊ ያህል ወደ ቀኝ አልፎ ይቆማል። አበባው ራሱ ነፋስ የገፋው ይመስል ዘመም ብሏል።

ካፕሊንግ አጠበቅኩ። ኬብል ቀየርኩ። ድራይቨሮቹን አቀያየርኩ። ምንም። ደንበኛዬ ሙሽራ ነው፣ ሰርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እርዱኝ።

ሽቦ ነካሽ · ሰኞ ማታ 2፡41

ከረንት አንሶታል። ከፍ አድርገው። አለቀ።

የሂርማታው አናጢ · ሰኞ ማታ 2፡50

3 አምፔር ነው የሚለው፣ ስዊቹን 2.84 ላይ አድርጌዋለሁ። ከዚያ በላይ ባወጣው ሞተሩ አይቃጠልም?

አባ ፊውዝ · ሰኞ ማታ 3፡05

ከሁሉም በፊት መብራቱን እይ። እኔ ሰፈር ማታ ማታ ሜትሩ 185 ያሳየኛል። ጠዋት ደግሞ 230። እንዲህ ባለ መብራት ማሽን ቢሸሽ ምን ይገርማል? እኔም ብሆን እሸሻለሁ።

ቁም ነገሩን ልንገርህ። የግድግዳውን 220 አትለካ። ሜትሩን ፓወር ሰፕላዩ መውጫ ላይ አድርግና ማሽኑ ሲሮጥ እየው። ሦስቱም ሞተሮች አንድ ላይ ሲነሱ 36ቱ ወደ 30 ከወረደ ፓወር ሰፕላዩ አቅም የለውም። ካልወረደ መብራት ኃይልን ተወው፣ በዚህ እንኳን ንጹሕ ነው።

ሌላው ቢቱን የሚያዞረው ሞተር፣ የስፒንድሉ፣ ኢንቨርተር ነው። የእሱ ኬብልና የፑልሱ ሽቦ በአንድ ቦይ አብረው ይሄዳሉ? ከሄዱ ለያቸው። የፑልሱ ሽቦ ሺልድ ያለው ይሁን፣ ሺልዱን በአንድ ጫፉ ብቻ ኤርዝ አድርግ። በሁለቱም ጫፍ ካሰርከው ራሱ ረብሻ ይለቅማል።

ኪቶ ፉርዲሳ · ሰኞ ማታ 3፡32

አናጢው፣ የከረንቱ ነገር ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሞተሩ ላይ የተጻፈው 3 አምፔር አብዛኛውን ጊዜ አርኤምኤስ ነው፣ ማለትም እንደ አማካይ የሚቆጠረው። ድራይቨሩ ላይ የታተመው ሠንጠረዥ ደግሞ ሁለት ዓምድ አለው። አንዱ ፒክ፣ ማለትም ከፍተኛው ጫፍ፣ ሌላው አርኤምኤስ። አንተ ያየኸው ፒኩን ነው። 2.84 ፒክ ማለት 2.03 አርኤምኤስ ነው። ሞተርህ ከሚገባው ሁለት ሦስተኛውን ብቻ እየበላ ነው የሚሠራው። 4.20 ፒክ ላይ አድርገው፣ ያ 3.00 አርኤምኤስ ነው። የመጨረሻው ማርሽ ነው ብለህ አትፍራ።

ሞተሩ ይሞቃል። ስቴፐር ሲሞቅ አትደንግጥ፣ እጅ የማያስይዝ ሙቀት ለእሱ ጤና ነው። አራተኛውን ስዊች ኦፍ ላይ ተወው። ያኔ ሲቆም ከረንቱን በግማሽ ይቀንስልሃል።

ግን ሽሽቱ የመጣው በዚህ ነው አልልም። ለማወቅ አንድ ነገር አድርግ። ያንኑ ፋይል በግማሽ ፍጥነትና በግማሽ አክስለሬሽን አስኪደው። ስቴፐር ፍጥነት ሲጨምር ጉልበቱ ይቀንሳል። ጉልበት አጥቶ ስቴፕ እየዘለለ ከሆነ በዝግታ ሲሄድ ሽሽቱ ይጠፋል ወይም በጣም ይቀንሳል። ያው 3 ሚሊ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ውድ እንጨት አታበላሽበት፣ ቢቱን አውጥተህ በባዶው አስኪደው።

ሽቦ ነካሽ · ሰኞ ማታ 3፡40

ያው እኔም ከረንት ነው ያልኩት 😁

የሂርማታው አናጢ · ማክሰኞ ማታ 1፡10

ወንድሜ ኪቶ አመሰግናለሁ። ሁሉንም አድርጌያለሁ። ፓወር ሰፕላዩ ቆሞ 36.2፣ ሲሮጥ 35.8 ነው። ከረንቱን 4.20 አደረግኩት። ድምፁ ራሱ ተለወጠ፣ ሞተሩ እንደ ጎልማሳ ሆነ። የስፒንድሉን ኬብል በሌላ በኩል አዞርኩት። ከዚያ በግማሽ ፍጥነት በባዶው ለቀቅኩት። አራት ሰዓት ሙሉ እሱ ሲመላለስ እኔ ሻይ ስጠጣ ዋልኩ።

ውጤቱ፦ 3 ሚሊ። ወደ ቀኝ። ወላሂ አንድ ፀጉር እንኳን አልቀነሰም።

ኪቶ ፉርዲሳ · ማክሰኞ ማታ 1፡22

እህትህ ነኝ 🙂 በጣም ጥሩ ነው። አሁን ሞተሩም ከረንቱም ነፃ ወጡ። በግማሽ ፍጥነት ያው ከሆነ፣ ሁልጊዜም ወደ አንድ ወገን ከሆነ፣ ይህ የድካም ስህተት አይደለም። የቆጠራ ስህተት ነው።

የሂርማታው አናጢ · ማክሰኞ ማታ 1፡25

ይቅርታ እህቴ!

ቡና ሸኚ · ማክሰኞ ማታ 1፡48

በዚሁ ላይ ልጠይቅ፣ ክር ሰበርክ አትበሉኝ። እኛም ጅማ ነን፣ የተቆላ ቡና ማሸጊያ ማሽን አለን። ላስቲኩን የሚስበው ሮለር ላይ 750 ዋት ሰርቮ፣ መዞሩን ራሱ እየለካ የሚያርም ሞተር፣ አለ። ባለፈው ሳምንት የሮለሩ ጎማ አልቆ አዲስ አስለበጥን። ከዚያ ወዲህ ሰርቮው ሊቆም ሲል ንብ እንደገባበት ይጮሃል። አልፎ አልፎም ኦቨር ቮልቴጅ ብሎ ይቆማል። አንድ ባለሙያ መጣና «ድራይቩ ሞቷል፣ አዲስ ግዙ» ብሎን ሄደ። እውነት ነው?

አባ ፊውዝ · ማክሰኞ ማታ 1፡55

ኦቨር ቮልቴጅ? እዚህ አገር? ያስቀናል።

ጋሽ ኢንኮደር · ማክሰኞ ማታ 3፡15

ልጆች፣ ሁለቱንም በየተራ እናያለን። መጀመሪያ አናጢው።

ልጄ፣ የራስህን ቁጥር ቁጠር። 30 ሳንቲም በ0.3 ሚሊ ሲካፈል 1000 መስመር ነው። አንዱ መስመር ሂያጅ፣ ሌላው ተመላሽ። ስለዚህ 500 ምልልስ። የሸሸው 3 ሚሊ ነው፣ በሚሊ 320 ፑልስ ሲባዛ ወደ 1000 ገደማ ፑልስ ይሆናል። በምልልስ ስንት ደረሰ? ሁለት ፑልስ። ያለ ምክንያት እንዲህ ድርስ አይመጣም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድራይቨሩ ሁለት ትእዛዝ ይቀበላል። አንዱ ፑልስ ነው፣ «ተራመድ» የሚለው። ሌላው አቅጣጫ ነው፣ «በዚህ በኩል» የሚለው። የአንተ ድራይቨር አቅጣጫው ከፑልሱ ቢያንስ 5 ማይክሮ ሰከንድ ቀድሞ እንዲደርሰው ይፈልጋል። ካልቀደመ «ተመለስ» የሚለውን ሳይሰማ አንዷን እርምጃ በድሮው አቅጣጫ ይራመዳታል። አንዲት እርምጃ ወደ ተሳሳተው ወገን ስትቆጠር ጉድለቱ ሁለት ነው። ወደ ግራ መሄድ የነበረባት ቀረች፣ ወደ ቀኝ መሄድ የሌለባት ተጨመረች።

«ታዲያ ሲመለስም እንዲሁ ተሳስቶ አይካካስም ወይ?» ብትለኝ ልክ ጠየቅክ። ሁለቱም ጫፍ ላይ ቢሳሳት ይካካስ ነበር። ግን ድራይቨሩ መግቢያ ላይ ያለው፣ ምልክቱን በብርሃን የሚያሻግረው ኦፕቶ ሲበራ ፈጣን፣ ሲጠፋ ዘገምተኛ ነው። ስለዚህ አንዱ መታጠፊያ ላይ ጊዜው ይበቃል፣ ሌላው ላይ አይበቃም። ሽሽቱ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሆነው ለዚህ ነው።

አሁን ንገረኝ። የፑልሱን ፕላስና የአቅጣጫውን ፕላስ አንድ ላይ 5 ቮልት ላይ ነው ያሰርከው? ወይስ ማይነሶቹን አንድ ላይ ግራውንድ ላይ?

የሂርማታው አናጢ · ማክሰኞ ማታ 3፡24

ጋሼ፣ ፕላሶቹ በሙሉ 5 ቮልት ላይ ናቸው። ማይነሶቹ ወደ ቦርዱ ይሄዳሉ። የሸጠልኝ ሰው በወረቀት ላይ እንዲህ ስሎ ነው የሰጠኝ።

ጋሽ ኢንኮደር · ማክሰኞ ማታ 3፡40

አሳሰሩ ጥፋት የለበትም። እንዲህ ሲታሰር ግን ኦፕቶው የሚበራው ምልክቱ ወደ ታች ሲወርድ ነው። ማክ3 ውስጥ ፖርትስ ኤንድ ፒንስ ግባ፣ ሞተር አውትፑትስ የሚለውን ክፈት። ስቴፕ ሎው አክቲቭ የሚል ዓምድ አለ። ቀይ ኤክስ ነው አረንጓዴ ምልክት?

የሂርማታው አናጢ · ማክሰኞ ማታ 3፡43

ሦስቱም ቀይ ኤክስ።

ጋሽ ኢንኮደር · ማክሰኞ ማታ 3፡58

ይኸው። ድራይቨርህ ፑልሱን የሚቆጥረው በተሳሳተው ጫፍ ነው። ሞተሩ ይዞራል፣ ርቀቱም ልክ ይመጣል፣ ስለዚህ ማንም አይጠረጥረውም። የሚታየው መታጠፊያ ላይ ብቻ ነው። አንተ 500 ሚሊ ቀጥ ብለህ ስትለካ መታጠፊያው አንድ ነው፣ ሁለት ፑልስ ደግሞ የሚሊ መቶኛ እንኳን አይሞላም።

ሦስቱንም አረንጓዴ አድርጋቸው። ሞተር ቲዩኒንግ ውስጥ ደግሞ የስቴፕ ፑልስንም የዳይሬክሽንንም ጊዜ 5 ማይክሮ ሰከንድ አድርግና አስቀምጥ።

ግን መጀመሪያ ሳትነካው በፊት ፈትነው። ኤክስን 10 ሚሊ ሄዶ እንዲመለስ፣ 500 ጊዜ እንዲደጋግም አጭር ፕሮግራም ጻፍ። ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን ርቀት የሚለካ ባለመርፌ መለኪያ) ካለህ ግጠምበት፣ ከሌለህ በሹል እርሳስ መነሻውን አስምር። 3.1 ሚሊ ካልሸሸ እኔ ተሳስቻለሁ ማለት ነው፣ ሌላ እንፈልጋለን። ከሸሸ አስተካክለህ ድገመው። ሳትፈትን ካስተካከልክ የትኛው እንዳዳነህ አታውቅም።

አደራ፣ ድራይቨሩ መብራት እያለው የሞተር ሶኬት እንዳትነቅል። ስታቀያይራቸው ነቅለህ ከነበረ ዕድለኛ ነህ።

ሽቦ ነካሽ · ማክሰኞ ማታ 4፡02

ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ከማየት ሰርቮ ገዝቶ መገላገል አይሻልም?

ጋሽ ኢንኮደር · ማክሰኞ ማታ 4፡10

ሰርቮም ፑልስና አቅጣጫ ነው የሚቀበለው፣ ሽቦ ነካሽ። ያው ምልክት ቢገባበት ያው ይሸሻል። መዞሩን የሚለካው ኢንኮደሩ የሚመሰክረው የታዘዘውን ያህል መዞሩን ብቻ ነው። ትእዛዙ ልክ ይሁን አይሁን አያውቅም።

ቡና ሸኚ · ረቡዕ ጠዋት 2፡30

ጋሼ እኔን እንዳይረሱኝ 🙏

ጋሽ ኢንኮደር · ረቡዕ ቀን 6፡50

አልረሳሁህም። አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ሮለሩ ከተለበጠ ወዲህ ከረጢቱ ረዝሟል አይደል?

ቡና ሸኚ · ረቡዕ ቀን 7፡05

እንዴት አወቁ? 200 ሚሊ የነበረው 206፣ 207 ይመጣል። ላስቲካችን ምልክት የሌለው ሜዳ ላስቲክ ነው። ልጆቹ በስክሪኑ ላይ 193 እያሉ ነው የሚያሠሩት።

ጋሽ ኢንኮደር · ረቡዕ ቀን 7፡40

ጎማው ወፍሯል። ሮለሩ 60 ሚሊ ዲያሜትር ከነበረ አሁን 62 ሆኗል፣ በካሊፐር ለካው። ሁለት ሚሊ ትንሽ ትመስላለች፣ ግን ከመቶ ከሦስት በላይ ናት። 200ው 206.7 ይሆናል። ትእዛዙን ወደ ዙር የሚቀይረውን የኤሌክትሮኒክ ጊር ሬሾ ወይም ማሽኑ ውስጥ ያለውን የሮለር ዲያሜትር አስተካክል እንጂ በ193 አታታል። ዛሬ ያታለልከው ማሽን ነገ ሌላውን ከረጢት ያበላሽብሃል።

ጩኸቱም የአንድ እናት ልጅ ነው። ሮለሩ ሲወፍር ከበደ። ሰርቮው የተስተካከለው ለቀላሉ ሮለር ነበር። ሰርቮ ውስጥ ሦስት የቁጥጥር ቀለበት አለ፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ። የከረንቱን አምራቹ ስለጨረሰው አትንካው። የፍጥነቱና የቦታው ያንተ ናቸው። ሁልጊዜ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚሄደው፣ ፍጥነት ቀድሞ ቦታ ተከትሎ። ብዙ ሰው የቦታውን ጌን፣ ማለትም የምላሹን ጉልበት፣ ቀድሞ ያንቀዋል፣ ከዚያ ማሽኑ ያብዳል።

እንዲህ አድርግ። አጥፋና ካፕሊንጉንና ቀበቶውን በእጅህ ነቅነቅ። ላላ ያለ ነገር ካለ ቲዩን ማድረግ ከንቱ ነው፣ አውቶ ቲዩኑም የላላውን እንደ ጭነት አድርጎ ይማረዋል። ከጠበቀ በኋላ ሪጂዲቲ የሚለውን የሰርቮውን ጥብቀት ደረጃ ጩኸቱ እስኪጠፋ ዝቅ አድርግ። ኢነርሺያ ሬሾውን፣ ማለትም ጭነቱ ከሞተሩ አንጻር ምን ያህል እንደከበደ፣ አዲስ አስለካው። ከዚያ ሪጂዲቲውን አንድ አንድ ደረጃ እያነሳህ አስኪደው። ጆሮህን ስጠው። ማጉረምረም ሲጀምር ሁለት ደረጃ ተመለስ። እዚያ ላይ ተወው። ላስቲክ የሚስብ ሮለር የሰዓት ሠሪ ትክክለኛነት አይፈልግም። ኖች ፊልተር ውስጥ አትግባ፣ እሱ ሌላው ሁሉ ሲያልቅ የሚነካ ነው።

ኦቨር ቮልቴጁ ከመብራት ኃይል አይደለም፣ አባ ፊውዝ አይቅና። 220 ሲገባ ድራይቩ ውስጥ ወደ 311 ቮልት ዲሲ ይሆናል። የከበደ ሮለር በድንገት ሲቆም ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ያንን ኃይል ወደ ውስጥ ይመልሳል። ወደ 400 ገደማ ሲደርስ ድራይቩ ራሱን ለማዳን ይቆማል። የማቆሚያውን ጊዜ ትንሽ አርዝም። ምርት ከቀነሰባችሁ ውጫዊ የብሬኪንግ ሬዚስተር ይጨመርለት፣ ስንት ኦም እንደሚፈልግ ማኑዋሉ ላይ አለ። ከዚያ በታች እንዳታስገባ።

ድራይቩን ከመክፈትህ በፊት አጥፍተህ ቻርጅ የሚለው መብራት እስኪሞት ጠብቅ። ያ 311 ቮልት መብራት ከጠፋ በኋላም እዚያው ነው።

ኪቶ ፉርዲሳ · ረቡዕ ቀን 8፡15

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ የድራይቭ ማኑዋሎች ሙሉ አቅም የሚሰጡት እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ነው። ጅማ ከ1,700 በላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ማቀዝቀዝ ይቀንሳል። የቡናው ብናኝ ፋኑን ከደፈነው ደግሞ እጥፍ ነው። ፋኑን አጽዱት።

የሂርማታው አናጢ · ረቡዕ ማታ 2፡35

ጋሼ!!! ዳያል ጌጅ ከአንድ ጋራዥ ተውሼ ፈተንኩት። ሳልነካው 3.12 ሸሸ። ከዚያ ስቴፕ ሎው አክቲቩን አረንጓዴ፣ ሁለቱንም ጊዜ 5 አደረግኩ። እንደገና 500 ምልልስ። መርፌው ሄደ ተመለሰ፣ ሄደ ተመለሰ፣ መጨረሻ ላይ ዜሮዋ ላይ ቁጭ አለ። ወንድሜን ጠርቼ አሳየሁት፣ እሱም አላመነም፣ ሌላ 500 ጨመርንበት። ዜሮ።

ዋይም ይሸሽ ነበር ለካ። አበባው በኤክስ ስለሚመላለስ ነው ያላስተዋልኩት። ያቺን የሻጩን ወረቀት ለአንድ ዓመት እንደ ክታብ ነው የያዝኳት።

አንድ የቀረኝ አለ። መብራት ድንገት ጠፍቶ ሲመጣ ሥራውን ካቆመበት መቀጠል እችላለሁ?

ጋሽ ኢንኮደር · ረቡዕ ማታ 3፡00

እሰየው ልጄ። መብራት ከጠፋ በኋላ ዜሮህን እንደገና ያዝ፣ ዝም ብለህ አትቀጥል። ስቴፐር መብራት ሲያገኝ በአቅራቢያው ወዳለው የራሱ ቦታ ዘሎ ይገጥማል። ያ ዝላይ ባንተ ስክሩ እስከ 0.05 ሚሊ ሊደርስ ይችላል። ሆም ስዊች ካለህ ሆም አድርግ። ስፒንድሉ ደግሞ በራሱ እንዳይነሳ በኮንታክተር እሰረው። ጣት ከራስጌ ይበልጣል።

ቡና ሸኚ · ዓርብ ማታ 1፡30

ጋሼ፣ ሮለሩ 62.1 ሆኖ ተገኘ። ዲያሜትሩን አስተካከልን፣ ከረጢቱ 200 ገባ። ሪጂዲቲውን ከ15 ወደ 11 አወረድነው፣ ንቡ ወጣ። ማቆሚያውን ትንሽ አረዘምን፣ ከትናንት ጀምሮ አላርም የለም። አዲስ ድራይቭ ሊገዙ የነበሩት አለቃዬ ሁለት ኪሎ ቡና ይላክላቸው ብለዋል። አድራሻዎን በውስጥ ይላኩልኝ።

አባ ፊውዝ · ዓርብ ማታ 1፡34

እኔስ? የመብራቱን ጉዳይ ያነሳሁት እኮ እኔ ነኝ።

የሂርማታው አናጢ · እሑድ ከሰዓት 9፡10

ራስጌው ለሙሽራው ደረሰ፣ ፎቶውን አያይዣለሁ። ያ የተበላሸው ጣውላ ግን አሳዘነኝ፣ ጥሩ እንጨት ነበር። ቀለም ቀብቼ የራሴ አልጋ ላይ ገጠምኩት።

ሽቦ ነካሽ · እሑድ ከሰዓት 9፡22

3 ሚሊ ማን ያያል ብለህ ነው?

የሂርማታው አናጢ · እሑድ ከሰዓት 9፡25

እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ባለቤቴ ገና ከበሩ ላይ አየችው።